አልፈታ ያለው ብሎን
በሞተር ብስክሌት ፍሬን ላይ ጉልበት ለምን እንደማይሠራ



በነታንያም ሆነ በአሽዶድ፣ በሬሖቮትም ሆነ በቤር ሼቫ፣ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው ሕንፃዎች በር ላይ ካትኖዓ ቆሞ ማየት የተለመደ ነገር ሆኗል። በአገር ቤት «ዶቅዶቄ» እንለው የነበረው ነው። ልጅየው ምግብና ዕቃ ያደርስበታል፤ አባትየው አውቶቡስ በማይገኝበት ሰዓት ወደ ጥበቃ ሥራው ይሄድበታል። ለብዙ ቤተሰብ ካትኖዓው መዝናኛ ሳይሆን እንጀራ ነው።

እኔ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ብሎን መጻፌ ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ቤት ለቤት ስዘዋወር «የፊቱ ፍሬን አይሠራም፤ ሸራውን ልቀይር ብዬ ብሎኑ አልፈታ አለኝ፤ ለጊዜው በኋላው ብቻ እየነዳሁ ነው» የሚል ቃል ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምቻለሁ። «ለጊዜው» የተባለው ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ይሆናል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። አንድ ቀን ሥራ ከቀረ የቤት ኪራዩ ይጎድላል፤ ሙሳኽ ከተሄደ ደግሞ ስንት እንደሚጠየቅ አይታወቅም። በዚህ መካከል በትንሽ ብሎን ምክንያት ሰው በግማሽ ፍሬን መንገድ ላይ ይወጣል።

ስለዚህ በዚህ እትም ለማስረዳት የፈለግነው ይህ ነው፤ አልፈታ ያለ ብሎን ሁልጊዜ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው በትዕግሥት ይፈታዋል፤ ያላወቀው በጉልበት ይሰብረዋል። ፍሬን ላይ ደግሞ ግማሽ ሥራ ብሎ ነገር የለም። ወይ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ ወይ ካትኖዓው ይቆማል።

ብሎኑ ለምን አልፈታ ይላል?

አንደኛው ምክንያት ዝገት ነው። ብሎኑ ከብረት የተሠራ ነው፤ የሚገባበት አካል ግን ብዙውን ጊዜ አልሙኒየም ነው። ሁለቱ በእርጥበት፣ ይልቁንም ጨው ባለው እርጥበት ሲገናኙ፣ በመካከላቸው ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ይፈጠርና ጥርሱን አጣብቆ ይይዛል። በባሕር ዳር ከተሞች ለሚኖሩ ይህ የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሙጫ ነው። የፍሬን ዲስኩን ከጎማው ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች በንዝረት እንዳይላሉ ፋብሪካው ጥርሳቸው ላይ ሙጫ ያደርጋል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የተሳሳተ መሣሪያ ነው፤ ከሁሉም የሚበዛውም ይኸው ነው። የጃፓንና የታይዋን ካትኖዓዎች ብሎን ራሱ ላይ የመስቀል ቅርጽ አለው። በየሱቁ የሚሸጠው ባለ መስቀል ካቻቢቴ ግን «ፊሊፕስ» የሚባለው ነው። ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ፤ አንድ አይደሉም። ፊሊፕሱ በጃፓኑ ብሎን ውስጥ እስከ ታች አይገባም፤ ኃይል ሲያገኝ እየተንሸራተተ ይወጣና የመስቀሉን ጠርዝ ይበላዋል። ብሎኑ ራስ ላይ ከመስቀሉ ጎን ትንሽ ነጥብ ካያችሁ ብሎኑ በጃፓን ልክ የተሠራ ነውና በዚያው ልክ የተሠራ ካቻቢቴ ፈልጉ። ዋጋው ከአንድ የተበላሸ የፍሬን ፓምፕ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም።

አራተኛው፣ ከእናንተ በፊት የነካው ሰው ከልክ በላይ አጥብቆት ሊሆን ይችላል።

ብሎኖቹን እንወቃቸው

በመሪው ላይ፣ ከፍሬን መያዣው አጠገብ፣ የፍሬን ዘይት የሚቀመጥባት ትንሽ ዕቃ አለች። ክዳኗን የሚይዙት ሁለት ቀጫጭን ብሎኖች ናቸው። ቶሎ የሚበሉት እነዚህ ናቸው።

ከታች በጎማው አጠገብ ሸራዎቹን አቅፎ የያዘው አካል ካሊፐር ይባላል። እሱን ከሹካው ጋር የሚያያይዙት ሁለት ወፍራም ብሎኖች አሉ። ሸራዎቹ የሚንጠለጠሉበት ዘንግ ደግሞ ለብቻው ነው፤ በአንዳንዱ ካትኖዓ ላይ ትንሽ መክደኛ ብሎን ስለሚሸፍነው መጀመሪያ እሱ ይወጣል።

በካሊፐሩ ላይ አየር የሚወጣባት፣ ውስጧ ክፍት የሆነች ትንሽ ብሎን አለች። ውስጧ ባዶ ስለሆነ በቀላሉ ትሰበራለች። የዘይቱ ቱቦ ካሊፐሩን የሚገናኝበት ብሎንም እንዲሁ ባዶ ነው፤ በሁለት ወገን የመዳብ ወይም የአልሙኒየም ቀለበት አለው። በመጨረሻም ከላይ የጠቀስናቸው ሙጫ ያላቸው የዲስክ ብሎኖች አሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ካትኖዓውን በመሐል መቆሚያው በደረቅ፣ ደልዳላና ብርሃን ባለው ቦታ አቁሙት። ሞተሩና ዲስኩ ይቀዝቅዙ። የብሎኑን ዙሪያ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፤ በመስቀሉ ወይም በቀዳዳው ውስጥ የተጠቀጠቀውን ጭቃ በወፍራም መርፌ አውጡ። ጭቃ ካለበት መሣሪያው እስከ ታች አይገባም፤ እስከ ታች ካልገባ ደግሞ ይበላዋል።

የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። በአጠገቡ ያለውን ሁሉ በጨርቅ ሸፍኑ፤ ከነካም ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡ። ጓንትና መነጽር አድርጉ። ትንንሽ ልጆች በአጠገብ አይኑሩ፤ ዘይቱ መርዝ ነው።

አሁን ሁለት ትላልቅ ማስጠንቀቂያዎች እንስጥ።

የመጀመሪያው፦ ዝገት የሚያለሰልሰውን ዘይት በዘይት ዕቃው ክዳን ብሎኖች ላይ አትርጩ። ያ ዘይት ከነዳጅ ወገን ነው። ጥቂት ጠብታ እንኳ ከፍሬን ዘይቱ ጋር ቢቀላቀል በፓምፑና በካሊፐሩ ውስጥ ያሉትን ጎማዎች ያሳብጣቸዋል፤ ፍሬኑ ሊነክስና ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ በኋላ አንድ ብሎን ሳይሆን ጠቅላላው ፍሬን ይቀየራል።

ሁለተኛው፦ ያው ዘይት ዲስኩንም ሸራውንም እንዳይነካ። የነካው ዲስክ በፍሬን ማጽጃ ይጸዳል፤ የነካው ሸራ ግን ጠጥቶታልና ይጣላል።

ደረጃ በደረጃ

አንድ፦ በካሊፐሩ ወፍራም ብሎኖች ላይ ጥርሱ በሚጀምርበት ቦታ ጥቂት ጠብታ ዝገት አለስላሽ አድርጉና ተዉት። አሥር ደቂቃ አይበቃም፤ ማታ አድርጎ ጠዋት መመለስ ይሻላል። ዘይቱ በቀጭን መንገድ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው።

ሁለት፦ ልኩ የሆነውን መሣሪያ አስገቡና በመዶሻ ሦስት አራት ጊዜ መታ መታ አድርጉት። ምቱ ሁለት ጥቅም አለው፤ መሣሪያው እስከ ታች ይቀመጣል፤ የተጣበቀውም ዝገት ይሰነጠቃል። በዘይት ዕቃዋ ላይ ግን ቀስ በሉ። አካሏ ቀጭን አልሙኒየም ስለሆነ ይሰነጠቃል፤ መሪውንም አንድ ሰው ከሥር ደግፎ ይያዝላችሁ።

ሦስት፦ በካቻቢቴ ስትሠሩ ከኃይላችሁ አብዛኛው ወደ ታች ለመጫን፣ ትንሹ ለማዞር ይሁን። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው።

አራት፦ መጀመሪያ በጣም ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ማለት ወደ ቀኝ፣ ሞክሩት፤ ከዚያ ወደ ግራ። ትንሽ ከተንቀሳቀሰ በአንድ ትንፋሽ አታውጡት። ግማሽ ዙር ወደ ግራ፣ ሩብ ዙር ወደ ቀኝ እያደረጋችሁ፣ ዱቄቱ እየረገፈ ይውጣ።

አምስት፦ ለወፍራሞቹ ብሎኖች ስድስት ማዕዘን ያለው መፍቻ ተጠቀሙ። አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ጫፍ ጫፉን ብቻ ስለሚይዝ ያደልበዋል። ለአየር ማውጫዋ ብሎን ደግሞ ቀዳዳዋን የሚሞላ ቀጭን የብረት ዘንግ ውስጧ አስገብቶ ማዞር እንዳትጨማደድ ይረዳል።

ራሱ ከተበላስ?

በዕብራይስጥም «ቦሬግ አኹል» ነው የሚሉት፤ «የተበላ ብሎን» ማለት ነው። በዚህ ነገር ሁለቱ ቋንቋዎች ተስማምተዋል። ራሱ መበላት ሲጀምር ትልቁ ጥበብ ማቆም ነው። ሁለት ጊዜ የተንሸራተተ መሣሪያ ሦስተኛ ጊዜ አይይዝም።

የብሎኑ ራስ ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ ነክሶ በሚቆለፍ ፒንሳ ጎንና ጎኑን ይዞ ማዞር ይቻላል። ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ከሆነ፣ ማለት በአገር ቤት ጋራዥ ብሩጎላ፣ እዚህ ደግሞ አለን በሚባለው የሚፈታ ከሆነና ቀዳዳው ከደለበ፣ ትንሽ ተለቅ ያለ ባለ ኮከብ መሣሪያ በመዶሻ ተመትቶ ሲገባ ጠርዙን ነክሶ ይይዛል።

በዘይት ዕቃዋ ክዳን ላይ ያሉት ብሎኖች ግን ራሳቸው ብዙውን ጊዜ ከክዳኑ ጋር እኩል ስለሆነ ፒንሳ አይይዛቸውም። በስል ጩቤ ብረት የራሱን ጠርዝ ወደ ግራ እየመቱ ማዞር አንድ መንገድ ነው። ሌላው ራሱን ብቻ በትራፓኖ መብሳት ነው። ራሱ ሲቆረጥ ክዳኑ ይነሳል፤ የቀረው ግንድም የሚጎትተው ነገር ስለሌለ ብዙ ጊዜ በፒንሳ ይዞራል። በምትበሱበት ጊዜ ክዳኑ እንደ ተገጠመ ይቆይ፤ ፍርፋሪውን በሚገባ ሳትጠርጉ አታንሱት። በፍሬን ዘይት ውስጥ የገባ ፍርፋሪ ጎማዎቹን ይቧጫል።

ብሎን ማውጫ የሚባል ወደ ግራ የተጠመዘዘ መሣሪያም አለ። ጠቃሚ ነው፤ ግን በጣም ጠንካራ ብረት ስለሆነ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ብሎኑ ውስጥ ከተሰበረ የቤት ትራፓኖ አይበሳውም። ልምድ የሌለው ሰው በካሊፐር ላይ ባይሞክረው ይሻላል።

እሳትና ብረት

ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። አልሙኒየም ደግሞ በአንድ ዓይነት ሙቀት ከብረት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ በአልሙኒየም ውስጥ የተጣበቀ የብረት ብሎን፣ ዙሪያው ሲሞቅ መያዣው ይላላለታል። በዲስክ ብሎኖች ላይ ያለው ሙጫም በሙቀት ይለሰልሳል፤ ጠንካራው ዓይነት እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይፈልጋል፤ መካከለኛው ግን በእጅ መሣሪያም ይፈታል። ለዚህ ሥራ የሞቀ አየር የሚነፋው መሣሪያ ከግልጥ እሳት ይሻላል።

ይህን ለአባቶቻችን ማስተማር አያስፈልግም። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤል ማረሻና ማጭድ ሠሪዎች ነበሩ፤ ወናፍ፣ ጉጠትና መስፍ የብዙ ቤት ዕቃ ነበር። መሬት የራሳቸው ላልሆነ ሰዎች ያ እጅ እንጀራ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሙያ ስም «ቡዳ» ተብለው ተሰድበውበታልና ብዙ አባቶች እዚህ ከመጡ በኋላ ስለ ሙያው አፍ አውጥተው አይናገሩም። በአንድ የማውቀው ቤት ልጁ የዲስክ ብሎን አልፈታ ብሎት ሲታገል አባትየው በዝምታ ቆመው ያዩ ነበር። ቆይተው «ልጄ፣ ብሎኑን አትምታው፤ ቤቱን አሙቅለት» አሉት። ብሎኑ ተፈታ። ልጁ አባቱ ቀጥቃጭ እንደ ነበሩ ያወቀው በዚያን ቀን ነው። ዕብራይስጡን ልጁ ያውቃል፤ ብረቱን አባትየው ያውቃሉ። ቤት ውስጥ ያለ ዕውቀት ሳይጠየቅ እንዳያልፍ ይህን ጽፈነዋል።

በእሳት ላይ ግን ሦስት ክልከላዎች አሉ። ካሊፐሩንና የዘይት ዕቃዋን አታሙቁ፤ ውስጣቸው ጎማና ዘይት አለ። የፍሬን ማጽጃ በተረጨበት ቦታ ሙቀት አታቅርቡ፤ አንዳንዱ ማጽጃ ይቀጣጠላል፣ ክሎሪን ያለበት ደግሞ ሲግል መርዛም ጋዝ ያወጣል። ነዳጅ በሚሸትበት ቦታም አትሞክሩት።

አዲሱ ብሎን

የተበላ ብሎን መልሶ አይገጠምም። «ለዛሬ ይሁን» ተብሎ የገባ ብሎን በሚቀጥለው ጊዜ ጨርሶ አይወጣም።

ለዘይት ዕቃዋ ክዳን ልኩ የሆነ ዝገት የማይዘው ብሎን ከብሎን ሱቅ መግዛት ይቻላል፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ለካሊፐርና ለዲስክ ግን ከብሎን ሱቅ አትግዙ። እነዚያ ብሎኖች ጥንካሬያቸው የተመረጠ ነው። ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ይታያል፤ የሚበልጠው ቁጥር የበለጠ ጥንካሬን ያመለክታል። የሚያብለጨልጭ ሁሉ ጠንካራ አይደለም። ርዝመቱም ቢሆን፣ ትንሽ የረዘመ ብሎን ዲስኩን ሊነካ ወይም ሳይጠብቅ መጨረሻው ላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የካትኖዓውን ስም፣ ሞዴልና ዓመት ይዛችሁ ከመለዋወጫ ሻጩ በክፍሉ ቁጥር እዘዙ።

የዘይት ቱቦው ብሎን በተፈታ ቁጥር ሁለቱ ቀለበቶች አዲስ ይሁኑ። የዲስክ ብሎኖች አዲስ ሆነው በመካከለኛው ሙጫ ይገጠሙ። የወፍራሞቹ ማጥበቂያ ልክ በካትኖዓው መጽሐፍ ተጽፏል፤ ልክ በሚያሳይ መፍቻ ይጥበቁ። የዘይት ዕቃዋ ክዳን ብሎኖች ግን የሚፈልጉት በብዙ ካትኖዓ ላይ 1.5 ኒውተን ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ካቻቢቴውን በሁለት ጣት ይዞ ማጥበቅ ማለት ነው። ብዙዎቹ የተበሉት በጉልበት ስለ ጠበቁ ነው።

ዘይቱን በተመለከተ፣ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ዶት 4 ከተባለ ካልተከፈተ ዕቃ ዶት 4 ይጨመር። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ውሃ ይስባል፤ ውሃ ሲጠጣ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። በዶት 4 መስፈርት አዲሱ ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ መፍላት የለበትም፤ ውሃ የጠጣው ግን 155 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ነው፤ አረፋ ደግሞ ፍሬን አይይዝም። ዶት 5 የሚባለው ሌላ ዓይነት ነው፤ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም።

ከመነሳታችሁ በፊት

ሸራ ሲቀየር የካሊፐሩ ፒስተን ወደ ኋላ ተገፍቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው የፍሬን ጭመቃ እስከ መሪው ይገባል፣ ምንም አይዝም። ይህን ሳያውቅ ተነስቶ መጀመሪያ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተጋጨ ሰው አለ። ካትኖዓው እንደ ቆመ መያዣው ድንጋይ እስኪሆን ደጋግማችሁ ጭመቁ። ከጠነከረ በኋላ በእግር ፍጥነት ሞክሩት። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ አየር ገብቷል ማለት ነውና አትንዱት። በማግስቱም ብሎኖቹን በዓይንና በእጅ ተመልከቱ።

ወደ ሙሳኽ የሚያስኬደው

የአየር ማውጫዋ ብሎን ውስጥ ከተሰበረች፣ የቱቦው ብሎን ካንጠባጠበ፣ የካሊፐሩ ጥርስ ከተላጠ፣ መያዣው ካልጠነከረ፣ ወይም ካትኖዓው ኤ.ቢ.ኤስ. ያለውና ቱቦው የተከፈተ ከሆነ፣ ሥራው የቤት ሥራ አይደለም። የትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ የተሰቀለበት ሙሳኽ ፈልጉ። የሚከተሉትን ቃላት ይዛችሁ ሂዱ፦

ቦሬግ — ብሎን (ሲበዛ ብራጊም)
ሐቦሬግ ታቁዓ — ብሎኑ ተጣብቋል
ማቭሬግ — ካቻቢቴ
ባላሚም (በተራ ንግግር ብሬክሲም) — ፍሬን
ረፊዶት — የፍሬን ሸራ
ኖዜል ባላሚም — የፍሬን ዘይት
ሐጻዓት መሒር — የዋጋ ግምት
ቀባላ — ደረሰኝ

ሥራው ሳይጀመር «ሐጻዓት መሒር» በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሲያልቅ «ቀባላ» ተቀበሉ፤ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ ለማየት ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም። ዕብራይስጡ ያልለመደው ሰው ልጁን ወይም ጎረቤቱን ይዞ ይሂድ።

ለወጣቶቻችን

ብዙዎቻችሁ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ባጃጅ ነድታችሁ፣ ጋራዥም ሠርታችሁ መጥታችኋል። እጃችሁ ሥራ ያውቃል። እዚህ የሚጨመርበት ትክክለኛው መሣሪያና ትዕግሥት ነው። በዕቃ ማድረስ ሥራ ላይ ያላችሁና እንደ ዓጽማኢ የምትቆጠሩ ደግሞ፣ በቢቱዋሕ ሌኡሚ መመዝገባችሁን ዛሬውኑ አረጋግጡ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚሰጠው መብት አደጋው ከመድረሱ በፊት የተመዘገበን ሰው ነው የሚረዳው።

ወላጆችም «ሥራ ሄድክ ወይ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ ሁሉ «ፍሬንህ ይይዛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ «በአንዱ እየነዳሁ ነው» ካለ ያን ቀን ይቅር። የአንድ ቀን ገቢ በሌላ ቀን ይተካል። ኪራዩ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነም በየአካባቢያችሁ ወዳለው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ኑ፤ ልጁ በግማሽ ፍሬን ከሚወጣ ስለ ኪራዩ አብረን መላ ብንፈልግ ይሻላል።